ያልተነሳሁላቸው ቀን

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ቀኑን ሙሉ ኔትወርክ የለም። ባለጉዳይ ወረቀቱን ይዞ ፊቴ ይቆማል፣ እኔ "ሲስተም እምቢ አለ" እላለሁ፣ እሱ "ነገ ልምጣ?" ይላል። እኔ ምን አውቃለሁ። "ይምጡ" እላለሁ።

ስወጣ ዝናብ። በጥር! ቦንጋ ግን መቼ ወር ጠብቃ ታውቃለች። ባጃጅ ጠፋ። ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ ጋሽ ወልደሥላሴ ቤት ስደርስ ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። እትዬ ላቀች በር ላይ አስወልቀው የራሳቸውን ነጠላ ጫማ ሰጡኝ። "ይሄ ቼዝ የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ ይሄኔ ቤትሽ ገብተሽ ጋደም ብለሽ ነበር" አሉ። እውነታቸውን ነው።

ከማንኪራ ለዘጠነኛ ክፍል የመጣሁ ጊዜ የተከራየሁት ክፍል እነሱ ግቢ ውስጥ ነበር። አሥራ አራት ዓመቴ። አማርኛዬ ስብርብር ያለ፣ ሰው ሲያናግረኝ ግድግዳ የማይ። ጋሽ ደግሞ የሒሳብ አስተማሪያችን፣ ተማሪው ሁሉ የሚፈራቸው። አንድ ቀን ከትምህርት ስመለስ በረንዳው ላይ ጠሩኝ፣ የቼዝ ሰሌዳ ዘረጉ፣ "ለዚህ አማርኛ አያስፈልግም" አሉኝ። ይኸው አሥራ ሦስት ዓመት። ክፍሉን ከለቀቅሁ ቆየሁ፣ ደሞዝተኛ ሆኛለሁ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ግን እዛው ነኝ።

ዛሬም ያው ጨዋታ። ሁሉም ተበልቶ አልቆ ንጉሥና ሩክ ብቻ ሲቀሩ። ሩክ፣ ልጆቹ ግንብ የሚሏት። እሳቸው አንድ ወታደር ይበልጡኛል። ሁልጊዜ! አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ወታደር አንሶኝ…

"ማሸነፍማ ማንም ያምረዋል" ይላሉ። "እኔ የማስተምርሽ ተጎድቶ መዝለቅን ነው።"

ሩኬ ከእኔ በኩል ሦስተኛው መስመር ላይ ትቆማለች፣ ንጉሣቸው እንዳያልፍ። ወዲያ ወዲህ ማለት ብቻ፣ ከመስመሯ መውጣት የለም። ወታደራቸው እዛ መስመር ላይ ሲገባ፣ ያኔ ወደ ሰሌዳው ዳር ወርዳ ንጉሡን ከኋላ እያጠቃች ቼክ፣ ቼክ፣ ቼክ። ንጉሣቸው መሸሸጊያ ያጣል። አቻ። ሲጻፍ እንዴት ቀላል ነው! ሲደክመኝና ሰዓቱ ሲያልቅብኝ ግን እጄ የራሱን ሐሳብ ያመጣል። ዛሬም ያለጊዜዋ ከመስመሯ አነሳኋትና ተሸነፍኩ።

"ምን አስቸኮለሽ?" አሉ።

እኔ እንጃ። መቀመጥ አልችልበትም።

ሐሙስ፣ ጥር 8

ሰላሐዲን ከላይኛው ፎቅ ወረቀት ይዞ ወረደ። የቼዝ ቡድናችን አምበል ነው፣ ራሱን ግን ጄኔራል ያደርጋል። የሠራተኞች ውድድር ዘንድሮ እዚሁ ቦንጋ ነው አለ። ሦስት ወንድ፣ አንድ ሴት። ሴቷ እኔ!

"ኧረ ሌላ ሰው ፈልግ።"

"ሌላ ሰው የለም" አለ። ቢያንስ አልዋሸኝም።

ለጋሽ ስነግራቸው እንደ ልጅ ሳቁ። ደስ ሲላቸው መነጽራቸውን ያወልቃሉ። ከዛ ፈረሱን ሊያነሱ እጃቸውን ዘረጉ… ባዶ የሰሌዳ ቤት ላይ አረፈ። ቀጥሎ ያለውንም ባዶ ቤት ዳሰሱ። ፈረሱ ከነሱ አለፍ ብሎ ቆሟል። ሳያቸው አወቁ መሰለኝ፣ "መብራቱ ደከመ" አሉ።

መብራት አልበራም ነበር። አሥር ሰዓት ነው፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ሰሌዳው ላይ ተኝታለች።

ሰኞ፣ ጥር 12

ጥምቀት አለፈ። እግሬ የኔ አይደለም።

እትዬ ላቀች ጎመን እየከተፉ ነገሩኝ። ጋሽን የያዛቸው የዓይን ግፊት ነው። አንደኛው ዓይናቸው ሄዷል፣ ሁለተኛውም እየተከተለው ነው ብሏል የጅማው ሐኪም። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው እኔ ጋ ኑ ብላለች። በመጋቢት ይሄዳሉ። ለጉብኝት አይደለም። ጠቅልለው።

"እንዳትነግሪያት ብሎኛል" አሉ እትዬ። "እኔ ደግሞ መቼ ሰምቼው አውቃለሁ።"

ጎመኑን ከተፍኩላቸው። ምን አባቴ ላድርግ ሌላ?

አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። እውነተኛ ውድድር ላይ፣ ሰው ፊት፣ ያቺን ያስተማሩኝን አቻ ይዤ ስወጣ እንዲያዩኝ። አንዴ። ዓይናቸው ሳለ።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ምነው ዛሬ ባልነጋ!

ከቴፒ ቡድን ጋር ነበር። ሦስት ሰዓት ሊሞላን ምንም አልቀረው። አንድ ወታደር አንሶኛል፣ ሩክ በሩክ፣ ንጉሤ ቦታው ላይ፣ ሩኬ ሦስተኛው መስመር ላይ። ልክ የማክሰኞው! ይዣታለሁ። ሰዓቴ ላይ ዘጠኝ ሰከንድ። አንድ ጊዜ በተጫወትኩ ቁጥር አምስት ይጨመርልኛል፣ ከተጠነቀቅሁ ይበቃኛል። ተራው የኔ ነው።

ከዘራ አየሁ። ቀጥሎ ጫማቸውን። ጋሽ። ከሩቅ አይታያቸውም፣ ስለዚህ ጠረጴዛው ድረስ መጡ።

ብድግ አልኩ። በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ "ኖር ጋሽዬ!"

"በእግዜር፣ በእግዜር… ሰብሌ! ሰዓትሽ! ተቀመጪ!"

ጢ…ጥ አለ። ዜሮ።

የቴፒዋ ልጅ እንኳ ደነገጠች። ተመልካቹ ሳቀ፣ ይስቃል እንጂ ምን ያደርጋል። ሰላሐዲን ግን ፊቱ ጠቁሮ መጣ። "በጨዋታ መሃል ኖር? ቤትሽ መሰለሽ እንዴ?" ያኔ ጋሽን አያቸው፣ ቀሪውን ዋጠው። ግን ሰምተዋል።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አሉት ጋሽ። ከዘራቸውን ይዘው፣ ትንሽዬ ሆነው ቆመው። ከዛ ማንንም ሳይጠብቁ ወጡ።

ሁለት ተኩል ለአንድ ተኩል ተሸነፍን። በኔ ግማሽ ነጥብ።

ታዲያ እሳቸው ቆመው እኔ ልቀመጥ? አስቤም አልተነሳሁም። እግሬ ነው የተነሳው።

እሑድ፣ ጥር 25

ከዳውሮዎቹ ጋር አሸነፍኩ። በሩን ሳይ ዋልኩ። አልመጡም።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

ሰሌዳው አልተዘረጋም። ሬዲዮ ይሰማሉ።

"ሁለተኛ አዳራሹ አልመጣም" አሉ። "ውጤቱን በስልክ ትነግሪኛለሽ።"

ምን እንደነካኝ አላውቅም። በሕይወቴ ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም። "እኔ ለስልክ አይደለም የምጫወተው! ካልመጡ እኔም አልሄድም! ሰላሐዲን ከፈለገ እራሱ ቀሚስ ለብሶ ይቀመጥ!"

ሬዲዮው ብቻ ያወራል። ከጓዳ እትዬ ላቀች፣ "እሰይ! አንድ የሚናገረው ሰው ይገኝ!"

ጋሽ ሬዲዮውን ዘጉ። "ስመጣ ትነሻለሽ።"

"አልነሳም።"

"ትነሻለሽ። ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።"

እሱስ ልክ ናቸው። ክፍል ሲገቡ ያልተነሳ ተማሪ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ቆሞ ይማር ነበር። አንዴ ቆሜያለሁ። ብዕሬ ወድቆ ከዴስኩ ሥር እየፈለግሁ ሳላያቸው ገብተው። አርባ ደቂቃ!

"እንዲያዩኝ ፈልጌ ነው" አልኳቸው። "ዓይንዎ ሳለ…" እንባዬ ቀደመኝ።

 ወደ ጓዳ ዞረው፣ "ላቀች!"

"አቤት" አሉ እትዬ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው።

"ነገርሻት?"

"እኔ? ጎመን ነው የከተፍነው።"

ጋሽ ሳቃቸው አመለጣቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። "ሐሙስ ነይ" አሉኝ። "የቼዝ ሰዓቱን ከሰላሐዲን ተዋሺና ይዘሽ ነይ።"

ሐሙስ፣ ጥር 29

እንደ ዛሬ ስቄም አልቅሼም አላውቅም።

ሰሌዳው ተዘርግቶ ጠበቀኝ። ያው ሩክ በሩክ። ከፊቴ ማን ተቀመጡ? እትዬ ላቀች! ቼዝ ጭራሽ አያውቁም። "እኔ ይቺን ሰዓት እመታለሁ፣ ሌላውን እናንተ ታውቃላችሁ" አሉ። ጋሽ የመጀመሪያዎቹን ተራዎች በቃል ነገሯቸው፣ ሰዓቴን ሃያ ሰከንድ ላይ ሞሉና ወደ ግቢ ወጡ።

ትንሽ ቆይተው ገቡ። ተነሳሁ።

"ዜሮ" አሉ። ወጡ።

ገቡ። ግማሽ ተነስቼ አየር ላይ ቀረሁ።

"ግማሽም መነሳት ነው።" ወጡ።

ሦስተኛው ላይ ጉልበቴ ጠረጴዛውን መትቶ ንጉሤ ወለሉ ላይ ወደቀ። አራተኛው ላይ ጃንጥላ ይዘው መጡ። አምስተኛው ላይ በር ላይ ሆነው "እንደምን ዋላችሁ!" ሲሉ፣ ይባስ ብሎ እትዬ ላቀችም ብድግ አሉ።

"አንቺን ደግሞ ማን አስነሳሽ?"

"ጎኔ ደንዝዞ ነው!" አሉ። በሳቅ ሞትኩ።

ስድስት። ሰባት። እነዛን የበረንዳ ደረጃዎች ስንት ጊዜ ወጥተው ወረዱ። ሲገቡ ትንፋሻቸው ይሰማል። ይብቃን ብላቸው፣ "ደከመሽ? እሰይ፣ የፈለግሁት እሱን ነው። ሳይደክምሽማ ማንም ይቀመጣል" አሉኝ። ስምንት።

ዘጠነኛው ላይ ከዘራው መጣ፣ ጫማው መጣ፣ አጠገቤ ቆሙ። ሁለቱን እጆቼን ጉልበቶቼ ላይ ተጫንኩ። አላየኋቸውም። ሩኬን በመስመሯ ላይ አንድ ቤት ወሰድኩና ሰዓቱን መታሁ። ሰባት ሰከንድ ተርፎኛል።



አለቀስኩ። ምን ያስለቅሳል? የሰደብኳቸው መሰለኝ። ያን ያህል ዓመት አጠገባቸው ኖሬ፣ ቆመው እኔ ተቀምጬ…

እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። "ይኸው" አሉ። "አሁን ገና ሰላም አልሽኝ።"

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ሁለት ጨዋታ። አንድ አሸነፍኩ፣ አንድ አቻ። አንገቴ አይዞርም። ዓይኔን ስጨፍን ጥቁርና ነጭ ቤት አያለሁ። ሰላሐዲን ሙዝ አመጣልኝ፣ ሰው መሆን ጀምሯል።

ነገ ሁለት ጨዋታ ይቀራል፣ የመጨረሻው ከሚዛን ከተማ ቡድን ጋር ነው።

ጋሽ አልመጡም። "ለመጨረሻው" ብለዋል።

እሑድ፣ የካቲት 2

በሥርዓት ልጻፈው። ሳልረሳው።

ጠዋት ተሸነፍኩ። በድካም። ከሰዓት በኋላ ሚዛኖች። የገጠመችኝ ሄርሜላ የምትባል ነርስ፣ ሳቂታ። ሳንጀምር ከረሜላ ሰጠችኝ። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ይጠሉታል? መጥላት ደግሞ ያስፈልገኝ ነበር።

የአዳራሹ ቆርቆሮ ፀሐዩን ቀን ሙሉ ሲጠጣ ውሎ እኛ ላይ አወረደው። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት… ውሃዬ አለቀ። ሰላሐዲንና አንዱ ልጅ አሸነፉ፣ ሦስተኛው ተሸነፈ። ሁለት ለአንድ። የኔ ብቻ ቀረ። አቻ ከወጣሁ ዋንጫው የኛ፣ ከተሸነፍኩ እኩል ሆነን በድምር ነጥብ የነሱ። ሰላሐዲን ጥፍሩን ይበላል።

እና ምን ቀረ ሰሌዳው ላይ? ሩክ በሩክ። እሷ አንድ ወታደር ትበልጠኛለች። ኧረ በስመአብ! ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

ሩኬን ሦስተኛው መስመር ላይ አቆምኩ። ወዲያ። ወዲህ። ወዲያ። ሄርሜላ ታስባለች፣ ሰዓት አላት። እኔ የለኝም፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ ስምንት ሰከንድ እያልኩ ነው የምኖረው። ዓይኔ ይደበዝዛል፣ ጠቋሚ ጣቴ ደንዝዟል። እጄ ደግሞ ጀመረው፣ ‹አንድ ነገር አድርጊ፣ አሁን ቼክ በያት፣ ጨርሺው!› አይሆንም። ወዲህ። ወዲያ።

ያኔ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። አንድ ወንበር፣ ከዛ ብዙ። ቀና ሳልል አወቅሁ። የከዘራው ድምፅ።

አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። ግማሹ ተማሪያቸው ነበር እኮ። ዳኛው እንኳ ተነሳ! ሄርሜላም፣ የማታውቃቸው የሚዛን ልጅ፣ ሽማግሌ ሲመጣ አይታ ብድግ አለች። ተራው የኔ ነው፣ የሚቆጥረው የኔ ሰዓት ነው። አሥራ አንድ። አሥር።

የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነኝ።

እግሬ ሊነሳ ፈለገ፣ በሁለት እጄ ያዝኩት። ከኋላዬ አንዱ "አትነሳም እንዴ?" ሲል ሰማሁ። ጆሮዬ ነደደ። ስምንት። ሰባት። መላ ሰውነቴ ‹ጋሽ ናቸው! ጋሽ ናቸው!› ይላል። ሩኬን አነሳሁ። በመስመሯ ላይ፣ አንድ ቤት። ሰዓቱን መታሁ።

አራት ሰከንድ ነበር የቀረኝ።

ሰዉ ተቀመጠ። ጋሽ ግን አልተቀመጡም፣ መጥተው ትከሻዬ ላይ ጎንበስ አሉ። ሳሙናቸው ሸተተኝ። ፊታቸውን አላየሁም። ሄርሜላ ረጅም ጊዜ አሰበች። ከዛ ወታደሯን ገፋችው፣ ሦስተኛው መስመር ላይ።

አሁን!

ሩኬን እስከ ሰሌዳው ዳር አወረድኳት። ቼክ። ንጉሥዋ ወጣ። ቼክ። ወደዚህ ሸሸ። ቼክ። መሸሸጊያ የለም። ሁለት ጊዜ ዞረች፣ ሦስት ጊዜ ዞረች፣ ከዛ ራሷን ነቀነቀችና ፈገግ ብላ እጇን ዘረጋች።

"አቻ ይበቃናል?"

"ይበቃናል፣ እህቴ።"

ሰላሐዲን የሆነ ነገር ብሎ ጮኸ፣ አልሰማሁትም። ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁ። እግሬ ደንዝዞ ልወድቅ ነበር፣ ክርናቸውን ይዤ ቆምኩ። "ኖር" አልኳቸው።  "ኖር ጋሽዬ። ዘገየሁ።"

"በእግዜር" አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ነበር። "አየኋት እኮ ሰብሌ። ሦስተኛው መስመር ላይ ቆማ፣ ጥርት አድርጌ አየኋት።"

ሰላሐዲን መጥቶ ይቅርታ ሲጠይቃቸው፣ "ሰዓቱን ስላዋስከን እኛ ነን የምናመሰግነው" አሉት። ምንም አልገባውም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ዛሬ ሄዱ።

ከቢሮ አስፈቅጄ በባጃጅ መናኸሪያ ስደርስ የጅማው ሚኒባስ ሊሞላ ነው። እየሮጥኩ። እትዬ ላቀች ከውስጥ አዩኝ፣ "መጣች፣ ሰብሌ መጣች" ሲሉ ሰማሁ። ጋሽ መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። ወደ እኔ ዞሩ፣ ግን ዓይናቸው ከኔ አለፍ ብሎ ነው ያረፈው። ከየካቲት ወዲህ ብሷል።

ለሳቸው ማር ይዤ ነበር፣ ከእናቴ ከማንኪራ። በበሩ ብቅ ብዬ እጄን ልሰጣቸው ስል…

ተነሱ።

የፊቱን ወንበር በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ባርኔጣቸው ጣሪያውን እየነካ፣ ጎበጥ ብለው ቆሙ። "ኖር" አሉ።

ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላዬ ሽማግሌ የመጣ መስሎኝ! ማንም የለም።

"ጋሽዬ! ምን ነካዎት፣ እባክዎ ይቀመጡ!"

አልተቀመጡም። ረዳቱ "አባባ ይቀመጡ፣ ልንሄድ ነው" ይላል። ሹፌሩ ሞተር አስነስቷል። ተሳፋሪው ያየናል። እትዬ ላቀች ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገዋል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ነገር አልተናገሩም።  ጋሽ ግን ቆመው ይጠብቃሉ። አስተማሪ አይደሉ፣ መልሱን ሳይሰሙ አይቀመጡም።

ያን ቃል ስንት ሺህ ጊዜ ሲመልሱት ሰምቻለሁ። እኔን ብሎ የተነሳ ሰው ግን ኖሮ አያውቅም፣ ስለዚህ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው።

"በእግዜር" አልኩ።

ያኔ ተቀመጡ።